የዲጂታል ንግዱ ባለቤት ማን ናት? በደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ለሴት ሥራ ፈጣሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ ስለሚለካበት መንገድ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ንግድን ወደ ዲጂታል አሠራር ለማሻገር የተዘረጉ ዕቅዶች ባለፉት ጥቂት ዓመታት በርክተዋል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው አገራዊ ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ አስጀመረ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን አስከተለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግና በተያያዥ ሙያዎች ለማሠልጠን የታለመ መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ከእነዚህ ዕቅዶች ጎን ለጎን ሴት ሥራ ፈጣሪዎች ልዩ ድጋፍ እንደሚያሻቸው በየመድረኩ ይነገራል።

ችግሩ የድጋፉ ውጤት በሚገለጽበት ቋንቋ ላይ ነው። ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ስንት ሴቶች እንደሠለጠኑ፣ ስንት የክፍያ ሒሳብ እንደተከፈተና ስንት የምስክር ወረቀት እንደተሰጠ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የድጋፍ ሰጪውን ድካም ያሳያሉ እንጂ የተደጋፊዋን ንግድ ዕጣ አያሳዩም። ሥልጠናው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ ንግዱ በሕይወት አለ ወይ? ካለስ የማን ነው? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የላቸውም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የአንዲት ሴት ዲጂታል ንግድ ዘላቂ የሚሆነው ሦስት ነገሮች በእጇ ሲገቡ ነው፦ በራሷ ስም የተመዘገበ የስልክ መስመርና ሒሳብ፣ የሽያጯና የደንበኞቿ መዝገብ፣ እንዲሁም ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ጭምር የሚሠራ የትእዛዝና የክፍያ መንገድ። ድጋፍም መነደፍና መለካት ያለበት በእነዚህ በሦስቱ ነው።

የአካባቢው ንግድ ባሕርይ

ደብረ ማርቆስ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዙሪያዋ ያለው የጎዛምን፣ የስናንና የማቻከል ገጠር የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍ፣ የድንችና የበግ አገር ነው። ከዚህ ምርት የሚነሣው የሴቶች ንግድ በዋናነት ባልትና ነው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤ። ፈትልና ጥልፍ፣ ስፌትም ይከተላሉ።

ይህ ንግድ «ዲጂታል» የሚሆነው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ በሚመጣበትና ገንዘብ በሚገባበት። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድና የዘመድ ዘመድ በስልክ ወይም በቴሌግራም ያዝዛል፤ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል። የቀረው ሁሉ እንደ ጥንቱ ነው። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይሰጣል፣ ይደለዛል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ታሽጎ ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ይላካል፤ ከደጀን ቁልቁል የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ የሥራው ጥራትና ብርታት የተመሠረተው በእጅ ሙያ፣ በመተማመንና በመጓጓዣ ላይ ነው። መተግበሪያ እነዚህን ያገናኛል እንጂ አይተካቸውም።

የገበያው ቀን መቁጠሪያም የራሱ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት የሽሮና የበርበሬ፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ የቅቤ ፍላጎት ይንራል። በአንጻሩ ጥሬ ዕቃ የሚረክሰው አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። አንዲት የባልትና ነጋዴ ገንዘብ የሚያስፈልጋት በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ገንዘቡ የሚመለስላት ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ይህን ዑደት ያላገናዘበ ሥልጠናም ሆነ ብድር ለሌላ አገር ንግድ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

መስመሩና ሒሳቡ በማን ስም ነው?

የባለቤትነት ጥያቄ ለኢትዮጵያ ሴቶች አዲስ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ የባልና ሚስትን እኩልነት አጸና፤ እያንዳንዳቸው ገቢያቸውን በየግል የባንክ ሒሳባቸው ማስቀመጥ እንደሚችሉም ደነገገ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። በክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ ደግሞ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። መሬቱ ትናንትም የሁለቱ ነበር፤ ለውጡ በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች የቤተሰብ ሕጉን ማሻሻያ ውጤት ሲያጠኑ ሕጉ ቀድሞ በተተገበረባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭና ከፍ ያለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የተሠማሩ ሴቶች ድርሻ በአንጻራዊነት መጨመሩን አግኝተዋል። ስም የሰፈረበት ሰነድ የሰውን የሥራ ምርጫ ይለውጣል ማለት ነው።

በዲጂታል ንግድ ውስጥ የመሬት ደብተሩን ቦታ የያዙት ሲም ካርዱ፣ የሞባይል ገንዘብ ሒሳቡና የገጹ የይለፍ ቃል ናቸው። በተግባር ግን ሲም ካርዱ በባል ወይም በወንድም ስም ወጥቶ፣ የቴሌግራም ቻናሉ በታናሽ ወንድም ወይም በአሠልጣኝ ስልክ ተከፍቶ ንግዱ «የእሷ» የሚባልበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ይህ በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ስማርት ስልክ ያለው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ነገር ግን ልጁ ሥራ አግኝቶ ከተማውን ሲለቅ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ትዳር ሲፈርስ ዓመታት የተሰበሰቡት ደንበኞች አብረው ይሄዳሉ። መሬት ቢሆን ዳኛ ፊት የሚቀርብ ደብተር ይኖር ነበር፤ ለጠፋ ቻናል ግን ክስ የሚመሠረትበት ሰነድ የለም።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ነገሩ ከሥርዓት ጉዳይ ያለፈ መሆኑን ያሳያሉ። ኤማ ራይሊ በዩጋንዳ ባካሄዱት የመስክ ሙከራ፣ ብራክ ከተባለው ድርጅት የተበደሩ ሴቶች ገንዘቡን በጥሬው ከመቀበል ይልቅ ለንግዳቸው በተለየ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ሲቀበሉ ከ8 ወር በኋላ ትርፋቸው በ15 በመቶ፣ የንግድ ካፒታላቸው በ11 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ጥቅሙ የጎላው ገንዘባቸውን ለቤተሰብ እንዲያካፍሉ ጫና በነበረባቸው ሴቶች ዘንድ ነው። በኬንያ ደግሞ ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የኤም-ፔሳ መስፋፋት 185,000 ያህል ሴቶች ዋና ሥራቸውን ከእርሻ ወደ ንግድ እንዲያዞሩ ማድረጉን ገምተዋል። በሁለቱም ጥናቶች መሣሪያው ቀላል ነው፤ ኃይሉ የመጣው ሴቲቱ ራሷ የምታዝበት ሒሳብ በመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን የሕግ መሠረት አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ምዝገባ አንዲት ሴት በራሷ ማንነት መስመርና ሒሳብ የምታወጣበትን መንገድ አቅልሏል። የጎደለው ድጋፍ ሰጪው ይህን እንደ መጀመሪያ ግዴታ አለመያዙ ነው። የየትኛውም የዲጂታል ንግድ ሥልጠና የመጀመሪያ ቀን ሥራ የማስታወቂያ ፎቶ አነሣሥ ሳይሆን መስመሩ፣ ሒሳቡና የይለፍ ቃሉ በሠልጣኟ ስም መሆናቸውን ማረጋገጥ ሊሆን ይገባል።

መዝገብ እንደ መያዣ

ሁለተኛው ጉዳይ ብድር ነው። በአማራ ክልል የገጠርና የከተማ ድሃ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ብድር ያገኙ የነበረው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቡድን ዋስትና ነው፤ ተቋሙ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። የቡድን ዋስትና አነስተኛ ብድርን ተደራሽ አድርጓል። ሆኖም ንግዷ ያደገባት ሴት ከጎረቤቶቿ የሚበልጥ ገንዘብ ስትፈልግ ጎረቤቶቿ በዋስትና ሊሸከሟት አይችሉም፤ ባንክ ደግሞ ቤት ያስይዙ ይላታል። ቤቱ ብዙ ጊዜ የጋራ ወይም የኪራይ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከሩ መንገዶች አሉ። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ገንዘብ አቅርቧል፤ ከመያዣ ይልቅ የተበዳሪዋን ጠባይና ችሎታ በፈተና የመመዘን አሠራርም ተሞክሮበታል። ፕሮጀክቱ ሲጀመር ከክልሉ ከተሞች የተካተተችው ባሕር ዳር ነበረች፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ያሉ መካከለኛ ከተሞች በመጀመሪያው ዙር አልነበሩም። እናት ባንክ ደግሞ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ተቀማጫቸውን መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና የሚያውሉበትን ዘዴ አስተዋውቋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011ም ተንቀሳቃሽ ንብረትን መያዣ አድርጎ መበደርን ፈቅዷል።

ከሁሉ ይልቅ ለትንሽ ነጋዴ ቅርብ የሆነው ግን የግብይት ታሪክ ነው። ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው «ቴሌብር መላ» ደንበኛው በሒሳቡ ያንቀሳቀሰውን ገንዘብ አይቶ ያለ መያዣ ያበድራል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ»ም በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ ነው። እዚህ ላይ የባለቤትነቱ ጉዳይ በእጥፍ ይከብዳል። የአንዲት ሴት ሽያጭ በባሏ ሒሳብ ሲገባ ከኖረ በማሽኑ ዓይን ነጋዴው እሱ ነው፤ የብድር ታሪኩም የእሱ ሆኖ ይመዘገባል። እሷ ለአሥር ዓመት በርበሬ ስትሸጥ ኖራ በመዝገብ ላይ ትናንት የተወለደች ትሆናለች።

በተጨማሪም የግብይት ታሪኩ በአንድ ኩባንያ ቋት ውስጥ ተዘግቶ ከቀረ ነጋዴዋ የዚያ ኩባንያ ጥገኛ ትሆናለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ሰጥቷል። ይህ መብት በሥራ ላይ የሚውለው ነጋዴዋ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት የሒሳብ መግለጫዋን በቀላሉ አውጥታ ወደ ፈለገችው አበዳሪ ይዛ መሄድ ስትችል ነው። እስከዚያው ግን የወረቀት መዝገብ አይናቅ። ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የዕቃ ዓይነት፣ ብዛት፣ የተከፈለና ቀሪ ሒሳብ የሰፈረበት ደብተር ከቴሌብር መግለጫ ጋር ሲመሳከር ለአበዳሪም ለነጋዴዋም የታመነ ማስረጃ ይሆናል። ዕቁብ የሰበሰበች ሴት መዝገብ መያዝን ከማንም አትማርም፤ የሚያስፈልገው ያንኑ ልምድ ወደ ንግዷ ማምጣት ነው።

የብድሩ የመመለሻ ጊዜም ከገበያው ቀን መቁጠሪያ ጋር መግጠም አለበት። በሕንድ ኮልካታ በተደረገ ሙከራ የመጀመሪያው ክፍያ ከሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ወር ሲገፋላቸው ተበዳሪዎች በንግዳቸው ላይ የበለጠ አውለዋል፤ ከዓመታት በኋላም ትርፋቸው ልቆ ተገኝቷል። ያልተመለሰው ብድር ግን እንዲሁ ጨምሯል። ስለዚህ የእፎይታ ጊዜ ለሁሉም የሚታደል ስጦታ ሊሆን አይችልም፤ የአንድ ዓመት መዝገብ ላላቸው ነጋዴዎች ቢሰጥ ግን መዝገቡ ራሱ የአበዳሪውን ሥጋት ይቀንሳል።

መስመር ሲቋረጥ

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ የሥልጠና ሰነዶች የማያነሡት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ዘለቀ። መንገዶችም በየጊዜው ተዘግተዋል። በእነዚያ ወራት ሥራዋን ሙሉ በሙሉ በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ ያቆመች ነጋዴ ሱቋ እንደታሸገባት ነው የሚቆጠረው። አዲስ አበባ ያለው ደንበኛ ደግሞ መልስ ሲያጣ ሌላ ሻጭ ይፈልጋል። መስመሩ ሲመለስ ደንበኛው አብሮ አይመለስም።

ከዚህ ተነሥቶ «ዲጂታል ንግድ ለዚህ አካባቢ አይሆንም» ማለት ስሕተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው ዲጂታል ነው የሚለው ነው። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ተራ ቀፎ ይሠራል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች በድምፅ መረጃ እየሰጠ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደዋዮችን አገልግሏል። ማንበብ የማትችል የገጠር ሴት እንኳ ድምፅ ሰምታ ቁጥር በመጫን አገልግሎት ማግኘት እንደምትችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። የድምፅ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክትም የሚቋረጡበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ከሞባይል ኢንተርኔት ይልቅ በብዙ ቦታና በብዙ ጊዜ የሚገኙ መንገዶች ናቸው።

ስለዚህ ዘላቂ ንግድ የሚባለው ሁለት መንገድ ያለው ነው። ገጹ አዲስ ደንበኛን ይጠራል፤ የደንበኞች ስምና ስልክ ቁጥር ግን በደብተር ላይ ይሰፍራል። ትእዛዝ በቴሌግራም ይመጣል፤ ሲቋረጥ በጥሪ ወይም በአጭር መልእክት ይቀጥላል። ክፍያ በመተግበሪያ ይገባል፤ ሳይሠራ ሲቀር በአጭር ቁጥሩ ይተካል። ለአዲስ አበባ ደንበኞች ደግሞ ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው በዚያ በአንድ ዘመድ ወይም ሱቅ ዘንድ መጠነኛ ክምችት ቢያኖሩ የመንገድ መዘጋት የአንድ ወር ገበያን በሙሉ አይወስድም። ሽሮና በርበሬ በደንብ ከታሸጉ ቶሎ የማይበላሹ መሆናቸው ለዚህ ይመቻል፤ ለቅቤ ግን ይህ አይሠራም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዋናው ችግር የክህሎት ማነስ ስለሆነ ሥልጠና ይቅደም» የሚል ነው። ክህሎት አያስፈልግም የሚል የለም። ጥያቄው የሥልጠናው ዓይነት ነው። በቶጎ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን ያካተተ ሙከራ እንደሚያሳየው በራስ አነሣሽነት፣ አስቀድሞ በማሰብና እንቅፋትን በማለፍ ላይ ያተኮረ ሥልጠና የነጋዴዎቹን ትርፍ በ30 በመቶ፣ የሴቶቹን ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ሲያደርግ፣ የተለመደው የሒሳብና የገበያ ሥልጠና በትርፍ ላይ አስተማማኝ ለውጥ አላመጣም። መስመር ቢቋረጥ ምን አደርጋለሁ ብላ አስቀድማ የምታቅድ ነጋዴ ይህንኑ ዝንባሌ የያዘች ናት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግል ሒሳብ የቤተሰብን መተማመን ያናጋል የሚል ነው። ይህ በጎጃም ማኅበረሰብ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ ሥጋት አይደለም፤ ድጋፍ ሰጪዎችም በንቀት ሊያዩት አይገባም። ሆኖም ሕጉ በግል ሒሳብ ገቢን ማስቀመጥን ሲፈቅድ፣ አንደኛው ተጋቢ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ገቢው እንዲያስረዳ ጭምር ያዛል። በስሟ የተከፈተ ሒሳብ ምስጢር መሆን የለበትም። የንግድ ገንዘብን ከአስቤዛ ገንዘብ መለየት ለባልም ለልጆችም የሚጠቅም መሆኑን ባሎች በተገኙበት ማስረዳት ለጠብ ሳይሆን ለመግባባት በር ይከፍታል።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «ሰላምና መንገድ ሳይኖር ስለ ዲጂታል ንግድ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። በእርግጥ የሰላምን ቦታ የሚተካ የንግድ ዘዴ የለም። ነገር ግን በግጭት ጊዜ የቤተሰብን ጉሮሮ የሚዘጋው ወይም የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ይኸው የሴቶች ትንሽ ንግድ ነው። ሰላም እስኪወርድ ድጋፉን ማቆየት ማለት እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት መንፈግ ነው። የሚሻለው ድጋፉን ችግሩን ታሳቢ አድርጎ መንደፍ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻና የመለኪያ ለውጥ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ያመራሉ። ሴት ሥራ ፈጣሪዎችን እንደግፋለን የሚሉ ፕሮጀክቶች ሁሉ ሥልጠናው ካበቃ ከ12 እና ከ24 ወር በኋላ አምስት ጥያቄዎችን መመለስ አለባቸው። ንግዱ ይሠራል ወይ? መስመሩ፣ ሒሳቡና ገጹ በሴቲቱ ስምና እጅ ናቸው ወይ? የአንድ ዓመት የሽያጭ መዝገብ አለ ወይ? በዚያ መዝገብ ብድር አግኝታበታለች ወይ? መጨረሻ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ከትእዛዟ ምን ያህሉ ቀጠለ? የሠልጣኞች ቁጥር ከዚህ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ለመከታተል በአካባቢው ከዩኒቨርሲቲ የተሻለ አቅም ያለው ተቋም የለም። ፕሮጀክት ያልቃል፣ ቢሮ ኃላፊ ይቀየራል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን በየዓመቱ አዲስ ተመራማሪ ይቀበላል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና በመሰሎቹ የሚሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች በአብዛኛው በአንድ ወቅት በተሰበሰበ መጠይቅ ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ የትምህርት ክፍል ተመሳሳይ ነጋዴዎችን ለአምስት ዓመት ቢከታተልና በየዓመቱ አንድ ተማሪ የራሱን ድርሻ ቢጨምርበት፣ በየመመረቂያ ጽሑፉ ተበትኖ የሚቀረው መረጃ ወደ አንድ የተቆጠረ ታሪክ ይሰበሰባል። የሕግ ተማሪዎች ነጋዴዎች የሒሳብ መግለጫቸውን የማግኘት መብታቸውን እንዲጠቀሙ በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት በኩል ሊያግዙ ይችላሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ አዲስ መተግበሪያ ከመሥራት ይልቅ በተራ ቀፎና በድምፅ የሚሠራ የትእዛዝ መዝገብ ላይ ቢያተኩሩ የአካባቢውን ችግር ይነካሉ።

ማጠቃለያ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች ነጋዴ ለመሆን ዲጂታል ዘመንን አልጠበቁም፤ የራቡ ገበያና የአማኑኤል ገበያተኛ ምስክር ነው። ዲጂታል መንገዱ የሚጨምርላቸው ሩቅ ያለውን ገዥና በመዝገብ የሚታይ ማንነትን ነው። ይህ ጥቅም በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ ወይም በአንድ መስመር ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ድጋፉ አሮጌውን ጥገኝነት በአዲስ መሣሪያ መድገም ይሆናል። የቤተሰብ ሕጉና የመሬት ደብተሩ ያስተማሩት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለዲጂታል ንግዱም ስም፣ መዝገብና አማራጭ መንገድ ያስፈልጉታል። የሚቀጥለው የድጋፍ ዕቅድ ሲረቀቅ እነዚህ ሦስቱ በአባሪ ሳይሆን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈሩ።